ኔክስት የማይጫነው ዲያቆን

ሆዴ ባር ባር የሚል ሰው ነኝ። ደመና ሲጠቁር በረዶ ገብሱን ሊመታው ነው ብዬ የምጨነቅ፣ አባዱላ ዳገት ላይ ሲያቃስት ፍሬኑ ሊበጠስ ነው ብዬ ከወንበሬ ብድግ የምል። እናቴ ገና ልጅ ሳለሁ «ይቺ ልጅ የሰውን ጭንቅ ሁሉ ብቻዋን ልትጨርሰው ነው» ትል ነበር። እንዲህ ዓይነት ሰው የአይሲቲ መምህር መሆን አልነበረበትም። ኮምፒውተር ትናንት የሠራውን ዛሬ አልሠራም ይላል፤ ምን ሆነህ ነው ቢሉት መልስ የለውም። እኔ ደግሞ መልስ የማይሰጥ ነገር አልወድም።

ትምህርት ቤታችን ከሞላሌ ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ነፋሱ በማያርፍበት ሜዳ ላይ ነው ያለው። የኮምፒውተር ክፍሉ በር በደንብ ስለማይገጥም አቧራው እንደ ልቡ ይገባል። ስለዚህ ትምህርት ሲያልቅ ኮምፒውተሮቹን ወላጆች በሰጡን የበግ ጠጉር ባና እናለብሳቸዋለን። ጠዋት ገብቼ ባናውን አንድ በአንድ ስገልጥ፣ በሽተኛ ልጠይቅ የሄድኩ ይመስለኝ ነበር። አንዱ አልነሣ ካለ ቀኑን ሙሉ ምግብ አይበላልኝም።

የዚያን ዓመት የእኛ አስራ ሁለተኛ ክፍሎች የመልቀቂያ ፈተናውን በወረቀት ሳይሆን በኮምፒውተር እንደሚፈተኑ ተነገረን። ዳይሬክተሩ በሰልፍ ላይ ሲናገር ተማሪዎቹ አጨበጨቡ፤ እኔ ግን ያሉንን ኮምፒውተሮች በልቤ ቆጠርኩ። አብዛኞቹ ማውስ ጨብጠው የማያውቁ ልጆች ናቸው። ጨብጠው የሚያውቁትም እኔ ክፍል ውስጥ፣ አንዱን ለሦስት ተጋርተው፣ በሳምንት አንዴ ነው። በትምህርታቸው ሳይሆን በእጃቸው ሊወድቁ ነው ብዬ ፈራሁ።

ደብረ ብርሃን ለሥልጠና ሄጄ የተማርኩት አንድ ነገር ነበር። መምህሩ ጥያቄዎቹን ኢንተርኔት ላይ ይጭናል፤ እያንዳንዱ ተማሪ ከፊቱ ካለው ኮምፒውተር ይመልሳል፤ አናቱ ላይ የቀረው ጊዜ እየቀነሰ ይታያል። የእያንዳንዱ ተማሪ ነጥብ ደግሞ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ከስሙ ጋር ሽቅብ ይወጣል። ፈተናው የሚመስለው ይህንን ነው፤ በዚህ ይልመዱ አልኩ። ኔትወርክ የሚይዘው በጋራው በኩል ባለው መስኮት ብቻ ስለሆነ የዋይፋይ መሣሪያውን ከመስኮቱ ብረት ጋር በክር አሰርኩት። ነፋስ ባወዛወዘው ቁጥር ልቤም አብሮ ይወዛወዝ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ከጠበቅኩት በላይ ሆነ። ጠይቄያቸው ቀና የማይሉ ልጆች ስማቸው ግድግዳው ላይ ሲወጣ እየተጯጯሁ ተሳሳቁ። ከኋላ ወንበር የማትነቃነቅ አንዲት ልጅ አንደኛ ወጥታ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔም ደስ አለኝ፤ ደስታዬ ግን የዝርዝሩን ግርጌ እስካይ ድረስ ብቻ ነበር። ግርጌው ላይ የነበረው ዲያቆኑ ነው።

ስለ እሱ መንገር አለብኝ። ዕድሜው ከሃያ አልፏል። የልጅነት ጊዜውን የጨረሰው በደብሩ አብነት ትምህርት ቤት፣ የኔታ እግር ሥር ስለሆነ ወደ እኛ የመጣው ዘግይቶ ነው። የሒሳብ መምህሩ ሰሌዳ ላይ ነገር ሲጠላለፍበት ጠመኔውን ለእሱ ነበር የሚሰጠው። እናቱ ብቻዋን ናት። ልጄ ይማርልኝ ብላ መሬቷን፣ አርሶ ምርቱን እኩል እንዲያካፍላት ለጎረቤት ሰጥታ ቆይታለች፤ ያ ጎረቤት ግን አርጅቻለሁ፣ ከዘንድሮ ወዲያ አላርስልሽም ብሏታል። ስለዚህ ልጁ ዘንድሮ ካላለፈ የሚቀጥለውን ክረምት ሞፈር ጨብጦ ነው የሚያሳልፈው፤ ሁለተኛ ዕድል የለውም። ይህንን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ከትምህርት ቤቱ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ አንድ ሰው ቢኖር እሱ ነው እያልን ስንጠብቅ፣ በእኔ ጨዋታ መጨረሻ ወጣ።

ሄጄ ከኋላው ቆምኩ። የመጀመሪያው ጥያቄ እንዳለ ነው። መልሱን በትክክል መርጦታል። እጆቹን ነጠላው ውስጥ አጣጥፎ፣ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳይነቅል ቁጭ ብሏል። ኮምፒውተሩ የቆመበት መስሎኝ እጄን በትከሻው ላይ አሳልፌ ኔክስትን ተጫንኩ፤ ሁለተኛው ጥያቄ መጣ። በአክብሮት አንገቱን ሰበር አድርጎ አመሰገነኝና ሁለተኛውንም መለሰ። ከዚያም እጆቹን አጣጠፈ። በሌላ በኩል «ቲቸር፣ ቲቸር» የሚሉኝ ስለበዙ ትቼው ሄድኩ፤ ሰዓቱ ሲያልቅ እዚያው ነበር።

በሚቀጥለውም ሳምንት እንደዚያው ሆነ። ኮምፒውተር ቀየርኩለት፤ ያው ነው። ፊት ወንበር አስቀመጥኩት፤ ያው ነው። አንድ ቀን ትዕግሥቴ አልቆ እንቅልፍ ነው ወይስ ንቀት ብዬ በሰው ፊት ተናገርኩት። ብድግ ብሎ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ መሬት መሬት እያየ። ምላሴን በቆረጠው አልኩ።

ዓይኑ ይሆን? ማንበብ ይከብደው ይሆን? ዕቃ እሰብራለሁ ብሎ ፈርቶ ይሆን? መምህራኑን አንድ በአንድ አስጨነቅኳቸው። ሁሉም ይለምደዋል አሉኝ። ይለምደዋል የሚለው ቃል እኔን አረጋግቶኝ አያውቅም፤ መቼ ይለምደዋል? ፈተናው ልምምድ እስኪያልቅ የሚጠብቅ ይመስል።

ነገሩ የገባኝ በዐቢይ ጾም ነው። ቅዳሴው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ቀደም ብዬ ደርሼ ከአጥሩ ጥግ ካለው ጥድ ሥር ተቀመጥኩ። ፈንጠር ብሎ የኔታ ተማሪ በቃል ያስቀጽላሉ። አንድ ልጅ ፊታቸው ቆሞ አንድ ስንኝ አለና አቆመ። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ምንም አይሉም። ልጁ አይነቃነቅም፤ አያስልም እንኳ። ከብዙ ዝምታ በኋላ ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ቀጥል» አሉት፤ ቀጠለ። ተከትሎት የመጣው ቸኮል ያለ ነው መሰል፣ ዝምታው ሲረዝምበት ሳይባል ወደሚቀጥለው ስንኝ አለፈ። የኔታ ጣታቸውን ብቻ አነሡ። ልጁ ምን አጠፋሁ አላለም፤ የተማረውን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀመረ።

ጥዱን ተደግፌ እንዳለሁ የኮምፒውተር ክፍሌ ታየኝ። ዲያቆኑ ያደገው እዚህ ነው። ዕድሜውን በሙሉ ከአንዱ ወደ ሌላው የተሻገረው ቀጥል ሲባል ብቻ ነው። ሳይባል የሄደ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ልጁ እኔ ክፍል ውስጥ ተኝቶ አይደለም፤ በተማረው መንገድ፣ በጨዋነት፣ ቀጥል የሚለውን እየጠበቀ ነው።

በማግስቱ ለብቻው ጠርቼ ጠየቅኩት። አፍሮ ፈገግ አለ። ኔክስት ምን እንደሚሠራ አሳምሮ ያውቃል፤ እጁ ነው እምቢ የሚለው።

«ቲቸር» አለኝ፣ «ልክ ይሁን አይሁን ሳይነገረኝ እንዴት ጥዬው እሄዳለሁ?»

በኋላ መላ የመጣልኝ መሰለኝ። የልምምዱ ፕሮግራም ሌላም ነገር ይችላል፤ ከተፈለገ ተማሪው እንደመለሰ ልክ ከሆነ አረንጓዴ፣ ከተሳሳተ ቀይ ያሳያል። ያንን ከፈትኩለት። የሆነውን ያየ ሰው ያው ልጅ ነው አይልም። አረንጓዴው ብልጭ ባለ ቁጥር ይሻገራል፤ ነጥቡ ግድግዳው ላይ ሽቅብ ይምዘገዘጋል። አንደኛ ወጣ። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ፤ ዳይሬክተሩ ሰምቶ መጥቶ ጨበጠኝ። ቅዳሜና እሑድን እንደ ሰው ሳልጨነቅ ዋልኩ።

ሰኞ ጠዋት ባናዎቹን እየገለጥኩ ሳለ ነው የታሰበኝ። የፈተናው ኮምፒውተር አረንጓዴ አያሳይም። ቀይም አያሳይም። ተማሪው ልክ ይበል ይሳሳት ምንም አይልም፤ ድዳ ነው። ባናውን እንደያዝኩ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። ልጁ መጥቶ ሲጀምር አረንጓዴውን አጠፋሁበት። የመጀመሪያውን መለሰና አረንጓዴው ይመጣበት የነበረውን ቦታ ትኩር ብሎ እያየ ቀረ። መጠበቁን ከየኔታ አፍ ነጥቄ ለአረንጓዴ ቀለም ነው የሰጠሁት።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ሳምንታት ዛሬም ማስታወስ አልወድም። እኔው ቀጥል ልለው ሞከርኩ፤ የእኔ ቀጥል ሚዛን አልደፋም። እሱም ሞከረ፤ እንዳልሞከረ አድርጌ ብናገር ግፍ ነው። ጣቱን ወደ ማውሱ ይልካል፤ በመንዝ ብርድ ግንባሩን ያልበዋል፤ ይጫናል፤ ከዚያ ተመልሶ የመጀመሪያውን እንደገና ያነብበዋል፣ ሁለተኛውን እንደገና ያነብበዋል። ሰዓቱ ሲያልቅ ከግማሽ አይደርስም። ሌሎቹ ግን በየቀኑ እየፈጠኑ ነው። ያቺ ፊቷን በነጠላ የሸፈነችው ልጅ እንኳ ጓደኞቿን እያስተማረች ነበር። በእነሱ መደሰት ሲገባኝ ዓይኔ ሁልጊዜ የሚሄደው ወደ ዝርዝሩ ግርጌ ነው።

ወደ የኔታ መሄድ እንዳለብኝ አውቄ ስፈራ ሰነበትኩ። የፈራሁት እሳቸውን ብቻ አይደለም። ደብሩ ከልጁ ሌላ ዲያቆን የለውም። ከነበሩት አንዱ አዲስ አበባ ገባ፣ አንዱ ታሞ ቤቱ ዋለ፤ የቀረው ይሄ ልጅ ነው። የዘመኑ ትምህርት ቤት አገልጋይ ጨረሰብን ብለው የኔታ በዐውደ ምሕረት ሲናገሩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ልጁ ከወደቀ እያረሰ እናቱን ይረዳል፣ እሑድም ይቀድሳል፤ የኔታ ያተርፋሉ እንጂ አይከስሩም። ታዲያ በምን አፌ ነው እንዲያልፍ ይርዱኝ የምላቸው?

ነጠላዬን አስተካክዬ ሄድኩ። ጉልበታቸውን ስሜ ቆሜ አስረዳሁ። ሰሙኝና ጥያቄ ጀመሩ። መሣሪያው ይሰማል ወይ አሉኝ። አይሰማም አልኳቸው። ተማሪው ልክ ሲል ልክ ነህ አይለውም? አይለውም። ሲሳሳትስ አያርመውም? አያርመውም የኔታ፣ ዝም ነው የሚለው።

«እንግዲያስ ክፉ መምህር ነዋ» አሉ።

መሳቅም አለመሳቅም አልቻልኩም። ሌላ የሚናገሩት ካለ ብዬ ጠበቅኩ፤ በሰላም ግቢ ብቻ አሉኝ። ወደ ቤቴ ስወርድ ነገሩን አበላሸሁት ብዬ ደመደምኩ። ለክፉ መምህር ተማሪዬን አልሰጥም ብለው ጭራሽ ቢያስቀሩትስ? ከፈተናው በፊት ያለችው የመጨረሻዋ የልምምድ ቀን በማግስቱ ነበረች። ልጁ ሳይመጣ ቢቀር ለእናቱ ምን እንደምላት እያሰላሰልኩ አደርኩ።

ልጁ መጣ። ልምምዱን አስጀምሬ፣ ዋይፋዩን እየነካካሁ ሳለሁ በሩ ሲጢጥ ብሎ ተከፈተ። የኔታ ነበሩ። ጥቁር በርኖሳቸውን ደርበዋል፤ መቋሚያቸውን ይዘዋል። ክፍሉ በሙሉ ብድግ አለ። በእጃቸው ተቀመጡ አሉና ቀጥ ብለው ሄደው ከዲያቆኑ ጎን ባለው ወንበር ተቀመጡ። ልጁ ደንግጦ ሊነሣ ሲል በመቋሚያቸው ጫፍ ጉልበቱን ነካ አድርገው አስቀሩት።

የመጀመሪያውን ጥያቄ መለሰ። እጆቹን አጣጠፈ።

የኔታ ኮምፒውተሩን አዩት። አናቱ ላይ የሚቀንሰው ቁጥር ምን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ የቀረው ጊዜ ነው አልኳቸው። ቁጥሩን ተመለከቱ፣ ልጁን ተመለከቱ። ማንም ማውስ አልነካም፤ የሌላውም ልጅ ጊዜ እየሄደ ነበር፣ ማን ልብ ብሎት። እኔ መስኮቱ ጋ ቆሜ የዋይፋዩን ክር ጣቴ ላይ እየጠመጠምኩ ነበር፤ ጣቴ መደንዘዙን ያወቅኩት በኋላ ነው።

«ቀጥል» አሉ።

ሁለተኛውን መለሰ፤ አቆመ። አሁንም «ቀጥል» አሉ። ሦስተኛውን መልሶ ሲያቆም የኔታ መቋሚያቸውን መሬት ላይ ተከሉና ወደ እሱ ዞሩ።

«ስማኝ ልጄ። አሁን የምልህ እስከ መጨረሻው ነው። እዚህም፣ በምትሄድበትም፣ ቀጥል ብዬሃለሁ። ከእንግዲህ አትጠብቀኝ።»

ተነሥተው ወጡ፤ ይቀጥል አይቀጥል ቆመው አላዩም። ተከትያቸው ወጣሁ። ላመሰግናቸው አፌን ስከፍት፣ ፊታቸውን ወደ ነፋሱ አዙረው ለእሑድ ቅዳሴ ዲያቆን ከጎረቤት ደብር መለመን ከባድ መሆኑን ነገሩኝ። ሌላ ምንም አልጨመሩም። ምስጋናዬን ዋጥኩት። ተመልሼ ስገባ ልጁ የጥያቄዎቹ መሀል ደርሶ ነበር፤ እጆቹ ከነጠላው ውጭ ናቸው።

አንዴ ስለተባለ ግን እኔ ተረጋጋሁ ማለት አይደለም። ተማሪዎቹ ለፈተና ወደ ከተማ ሲወሰዱ ስልክ ይዘው እንዲገቡ አይፈቀድም ነበርና፣ ወሬ የማገኝበት መንገድ አልነበረም። እዚህ መብራት በጠፋ ቁጥር እዚያም የጠፋ ይመስለኛል። አንድ ጥያቄ ላይ እጁን አጣጥፎ ቁጭ ያለ ልጅ ዓይኔ ላይ ይመጣብኛል። ማነው እዚያ ክፍል ውስጥ ቀጥል የሚለው?

ሲመለስ አውቶቡስ መውረጃው ድረስ ሄጄ ጠበቅኩት። እንዴት ነበር ስለው ሁሉንም ጨርሻለሁ አለኝ። አንዱን ጥያቄ ግን ሳያውቀው ገምቶ ጥሎት ሄዷል፤ እስካሁን ያሳክከኛል አለ። ይኼን ሲናገር ዕንባ ዓይኔ ላይ ሞላ፤ ለምን እንደሆነ አልገባውም፣ አቧራ ነው አልኩት።

ውጤት የወጣ ዕለት ኔትወርኩ ተጨናንቆ ነበር። ብዙዎቹ ልጆች ስልካቸውን ይዘው ጋራው ላይ ወጥተዋል። ዲያቆኑ ስልክ ስለሌለው እኔ ጋ መጣ። የኔታም አብረውት መጥተዋል፤ ለሌላ ጉዳይ ነው ብለው ግን አልገቡም፤ ውጭ ካለው የድንጋይ ካብ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ተቀመጡ። ባናውን ገልጬ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ገጹ ከብዙ ልመና በኋላ መጣ። ልጁ ከኋላዬ ቆሞ የመፈተኛ ቁጥሩን ነገረኝ፤ እኔ ጻፍኩ። ከቁጥሩ ሥር ውጤቱን የምታሳየው ቁልፍ ናት። እሷን መጫን ብቻ ነው የቀረኝ።

ጣቴ እምቢ አለ። ቁጥሩን አንድ በአንድ አረጋገጥኩ፤ እንደገና አረጋገጥኩ። እናቱ ታሰበችኝ፤ ጎረቤትየው መሬቱን መልሶላት ሞፈሩ ልጁን እየጠበቀ ቤቷ ገብቷል። በመስኮቱ የየኔታ ጀርባ ይታየኛል። ካልተጫንኩት ልጁ አልወደቀም። ካልተጫንኩት የኔታም ዲያቆናቸውን አላጡም። ሁሉም ነገር በነበረበት ይቆያል። ስንት ጊዜ እንደዚያ ሆኜ እንደተቀመጥኩ አላውቅም፤ እጆቼን ሳያቸው ነጠላዬ ውስጥ አጣጥፌያቸዋለሁ።

«ቲቸር» አለኝ ከኋላዬ፣ ቀስ ብሎ። «ይቀጥሉ።»

ተጫንኩት። ገጹ ከላይ ወደ ታች፣ እየተጎተተ ተከፈተ። መጀመሪያ ስሙ መጣ፤ ከዚያ ውጤቱ። አልፏል፤ ያውም በደህና ነጥብ። እኔ ጮህኩ፤ እሱ አልጮኸም። ሁለቴ አነበበውና ወጣ። በመስኮቱ አየኋቸው፤ የኔታ እግር ሥር ተንበርክኮ ነገራቸው። እሳቸውም እጃቸውን ራሱ ላይ ጭነው ብዙ ቆዩ። ለመስከረም ዲያቆን ከየት እንደሚያመጡ ያን ዕለት ገና አላወቁም ነበር።